ክንዴ የጠራበት ሰዓት

ልጄ ክንዴ የተለቀሰለት ቀን ጠመንጃው ሜዳ አልወጣም።

በእኛ አገር ወንድ ሲሞት ልብሱ፣ ቀበቶው፣ ጠመንጃው ለቅሶ ሜዳ ይወጣል። ዘመድ እየተቀባበለ ይዞት ይዞራል፤ አልቃሿም ዕቃውን እያየች ነው ቃል የምታወጣው። የልጄን ካፖርት እህቱ ይዛ ዞረች። ከዚያ ሌላ የሚያዝ ነገር አልነበረም። ጠመንጃው የማኅበሩ ነው፤ ማኅበሩም፣ ተራውን ጥሎ ለሸሸ ሰው ጠመንጃ አናወጣም አለ። አልቃሿ ጥቂት ብላ አፏ ተያዘ። ምን ትበል? ጀግና ብትል ሜዳው ያጉረመርማል፤ ሌላ ብትል እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ።

እኔ አገርነሽ ነኝ። ቤቴ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ቁጥር ግን ገበያ አስተምሮኛል። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ገብስ አሳርሼ፣ ድንች ሸጬ፣ ልጆቼን የማንንም እጅ ሳላሳይ አሳድጌአለሁ። የማስበውን ፊት ለፊት እናገራለሁ። በዚህ የሚጠላኝ ሰው ብዙ ነው፤ መብቱ ነው።

ልጄ መልአክ ነበር አልልም። ክንዴ እንቅልፍ ይወድ ነበር፤ ጠላ ካገኘ ማድጋው ሳይደርቅ አይነሣም ነበር፤ ሚስት አግባ ብለው አላገባም። ሰው ጥሎ መሸሽ ግን አያውቅበትም። ሕፃን ሳለ እንኳ ከታላላቆቹ ተጣልቶ ሲደበደብ ቆሞ ነበር የሚደበደብ፤ ሩጥ ስለው አይሮጥም። ይኸንን እናት ናትና ትላለች ብለው ናቁት።

ማኅበሩ ጭጋግ በር ይባላል። የተራራ መሪዎች፣ የጠባቂዎችና የባለ በቅሎዎች ማኅበር ነው፤ ቢሮው ደባርቅ መናኸሪያ ጀርባ የቆርቆሮ በር ያለው ቤት ነው። በየተራራው ካሏቸው የጥበቃ ጎጆዎች አንዲቷ ጨነቅ በሚባል ስፍራ ከገደሉ አፋፍ ናት። በጭጋግ መንገድ የጠፋበት ሁሉ የሚያመራው ወደዚያች ጎጆ ስለሆነ፣ ተረኛው ጠባቂ ተተኪው ሳይደርስ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ዋናው ሕጋቸው ይኸ ነው። ለየጠባቂው መዳፍ የምታህል ሬዲዮ ሰጥተውታል። ወሬ አታወራም፤ ቁልፍ ነው ያላት። ቀዩ «እርዳታ ላኩ» ነው፤ ነጩ «አየሩ ተበላሽቷል» ነው፤ ሰማያዊው «ከጎጆዬ ተነሥቻለሁ» ነው። ጠባቂው ሲጫን ደባርቅ ያለው ኮምፒውተር ይቀበልና ከነሰዓቱ ይመዘግበዋል።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ገዱ የሚባለው ባለ በቅሎ ለጎጆው ዱቄትና ናፍጣ ጭኖ ወደ ጨነቅ ሲወጣ በረዶ ወረደበት፤ በቅሎይቱ ተንሸራታ ይዛው ገደል ገባች። እዚህ ደባርቅ ማንም አልሰማም። ሰው ፍለጋ የወጣው ተተኪው ጠባቂ ጎጆዋን ባዶ አግኝቶ ከጮኸ በኋላ ነው። ገዱን ከገደሉ ሥር አገኙት። ክንዴን ከእሱ በላይ፣ ዞር ብሎ ካለ የድንጋይ ጠርዝ ላይ፣ የጅባራ ግንድ ተደግፎ እንደተቀመጠ አገኙት። እግሩ ተሰብሯል፤ የገደለው ግን ብርዱ ነው አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጉባኤ ተቀመጡ። የማኅበሩ ኃላፊ ይግዛው ኮምፒውተሩ የመዘገበውን አነበበ። ክንዴ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቀዩን ተጭኗል። ይኸ የታወቀ ነው፤ አንድ የመንገድ ሠራተኛ ታሞ ጎጆዋ ገብቶ ነበርና መኪና ሄዶ አወረደው። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቀዩን፣ ቀጥሎም ሰማያዊውን ተጭኗል ይላል። ሁለተኛውን ቀይ ስለዚያው ስለ በሽተኛው የደገመው ነው አሉ። ሰማያዊው ግን ግልጽ ነው፤ ክንዴ በጠዋት፣ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር፣ ጎጆውን ትቶ ተነሥቷል። የሞተባት ጠርዝ ደግሞ ወደ መንደራችን ከምታወርደው አቋራጭ አትርቅም። እናቱ ቤት ሊሞቅ ሲወርድ በረዶው ያዘው፤ ገዱም የሚደርስለት አጥቶ ሞተ። እንዲህ ብለው ዘጉት።

የገዱ ሚስት ማንጠግቦሽ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። ምጥ ይዟት እኔ ነኝ ወገቧን የያዝሁት። ለልጄ ለቅሶ አልመጣችም። ቅዳሜ ገበያ ስንገናኝ ሰው እየሰማ፣ ባሌን የገደለችው በቅሎ አይደለችም፤ ጎጆውን ባዶ ያደረገው ነው አለችኝ። ድንቼን ሳልሸጥ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

የንስሐ አባቴ አባ ገብረ ኪዳን የአርባውን ነገር አነሡብኝ። ፍትሐቱ ይድረስ አልኋቸው፤ ግን ጠመንጃው ካልወጣ ሰው አልጠራም፣ ድንኳንም አልተክልም፤ ሸሽቶ የሞተ ተብሎ ስሙ ከተቀበረ ለማን ነው የምደግሰው? ትዕቢት ነው አሉኝ። አዎ አባቴ፣ ትዕቢት ነው፤ ይጻፉብኝ አልሁ።

ከማግስቱ ጀምሬ ደጅ ልጠና ሄድሁ። አባቶቻችን ፍርድ ሲጎድልባቸው የጌታ ደጅ ተቀምጠው ይውሉ ነበር፤ እኔም በማኅበሩ የቆርቆሮ በር አጠገብ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አልጮህ፣ አልለምን፤ እቀመጣለሁ። ይግዛው ሲገባና ሲወጣ ያየኛል። ይኸ ይግዛው ከድብ ባሕር ለትምህርት ሲመጣ ከጓሮዬ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ነበር፤ ከክንዴ ጋር ከአንድ ገበታ በልቷል። ወንበር ይዞ ወጣ።

«እማማ አገር፣ እባክዎ ብርድ ላይ አይቀመጡ። ማሽኑ ያለውን ነው እኔ ያነበብሁት።»

«ማሽኑ ያጎረስሁትን ልጅ አያውቅም» አልሁት። «አንተ ታውቀው ነበር።»

ወንበሩን አልተቀመጥሁበትም። እሱም መልሶ አላስገባውም፤ ባዶውን ከጎኔ ይውል ጀመር።

እንዲህ እያልሁ ስሰነብት አንድ ጠዋት ሱሪ የለበሰች፣ ቦርሳ ያነገተች ሴት መጣች። የትናየት ትባላለች፤ ልጅነቷ ዳባት ነው፣ ሥራዋ ጎንደር። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር የጠባቂዎቹ መልእክት ቅደም ተከተሉ እየተዘበራረቀ አስቸግሯቸው፣ የማሽኑን ሰዓት እንድታስተካክል ነው ያስመጧት። ይግዛው ቁልፉን ሰጥቷት እሱ ወደ ዳባት ወረደ። ክፍሉ ይሞቃል ብላ በሩን ከፍታ ተቀመጠች፤ እኔም ከድንጋዬ ላይ ሆኜ አያታለሁ።

ሰዓት አዳሽ ነሽ ወይ አልኋት። ሳቀችና እንደሱ ይሁን አለችኝ። ታዲያ ኮምፒውተር እንደ ግድግዳ ሰዓት ይዘገያል ወይ ብላት፣ ሥራዋን ሳትተው በደኅና ልብ አስረዳችኝ። ትዕግሥት ያላት ልጅ ናት፤ አሳዳጊዋ ይባረክ።

«ይኸን ሳጥን ያዩታል እማማ? አንድ ማሽን ነው። በሆዱ ግን ሌሎች ማሽኖች አሉ። ቢፈቱት አያገኟቸውም፤ ሥራቸው ግን የማሽን ሥራ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ይሏቸዋል። የጠባቂዎቹን መልእክት የሚቀበለው አንደኛው ውስጠኛው ነው።»

«እርጉዝ ናት በይኝ።»

«ናት። ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ ደግሞ ፀሐይ አያይም። መንጋቱን የሚያውቀው እናቱ ስትነግረው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ውስጠኛው ሲነቃ፣ ሰዓት ስንት ነው ብሎ እናቱን ይጠይቃል። ቆይቶ ደግሞ ኔትወርክ ሲኖር ከውጭ ይጠይቃል። ሁለት ነጋሪ አለው። ሁለቱ ከተለያዩ ሰዓቱ ወደ ኋላ ወደ ፊት ይዘላል።»

«እናቲቱንስ ማን ይነግራታል?»

ሳጥኑን አጥፍታ ጎኑን ፈታች፤ ከውስጡ እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ አወጣችና በመሣሪያዋ ለካቻት። ሞታለች አለች። እናቲቱ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቷን የምትረሳው ለዚህ ነው። ታዲያ ስትነቃ ሰው ነው በእጁ የሚሞላላት። እንዲህ ካለች በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያለውን የይግዛውን ወንበር አየችው።

ሳጥኑን መልሳ አበራችና የድሮዎቹን መልእክቶች ማየት ጀመረች። ብዙ ቆየች። እኔ መቁጠሪያዬን ይዤ ነበር። ድንገት ፊቷን ወደኔ አዞረች።

«እማማ፣ በፍልሰታ ያ ትልቁ በረዶ የወረደው ጠዋት ነበር እንዴ?»

ተቆጣሁ። ዳባት በረዶ አልወረደም ወይ፣ ክርስቲያን አይደለሽም ወይ አልኋት። በረዶው የያዘን ከቅዳሴ ስንወጣ ነው፤ በፍልሰታ ደግሞ ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ መሆኑን ሕፃን ያውቃል። ልጄ የሞተበትን ቀን አታስተምሪኝ አልኋት።

እሷ አልተቀየመችም። ማሽኑ ግን ጠዋት ነው የሚል አለች። ከሌላ ጎጆ አንድ ጠባቂ ነጩን ቁልፍ ተጭኗል፤ አየሩ ተበላሽቷል ብሎ። የተመዘገበው በጠዋት ነው። በዚያ ጠዋት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በጉባኤው ጊዜ የክንዴን እንጂ የሌሎቹን ያየ ሰው የለም።

ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈች፤ ዘረጋች። ከዚያ ወንበሯን ወደኔ ጎትታ እንዲህ አለችኝ። ማሽን ሰዓት የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ። እኛ ከንጋት ጀምረን ነው። ስለዚህ ይኸን የሠሩት ሰዎች ውስጠኛው ማሽን ለሰው ሲያሳይ ስድስት ሰዓት ቀንሶ በእኛ አቆጣጠር እንዲያሳይ አድርገውታል። መልካም ነው። ይግዛው ግን እናቲቱ ሰዓቷን ስትረሳ የገዛ እጁን አይቶ ነው የሚሞላላት። በእጁ ያሰረው ሰዓት የእኛን ነው የሚያሳይ፤ ቁልፉን ሲሰጠኝ አይቼዋለሁ። ከቀትር በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ ሰባት ብሎ ይሞላል፤ እናቲቱ የፈረንጅ ሰባት መስሏት ትቀበላለች፤ ለልጇ ትነግረዋለች፤ ልጇ ደግሞ እንደ ልማዱ ስድስት ይቀንሳል።

«ስድስቱ ሁለት ጊዜ ተቀነሰ፤ ቀትር ያለፈው ገና ማለዳ ሆነ» አለችኝ። «ሌላ ጊዜ ኔትወርኩ ወዲያው ስለሚያርመው የጥቂት መልእክት መዘበራረቅ ብቻ ነው የሚታየው። ያን ቀን መብራቱ ቀትር ላይ ሄዶ መጣ፤ ኔትወርኩ ግን ጠፍቶ ዋለ። ከጨነቅ የሚመጣው በሬዲዮ ስለሆነ መልእክቱ ይገባል፤ የሚገባው ግን በተሳሳተ ሰዓት ነው። ኔትወርኩ ሲመለስ ሰዓቱ ዘሎ ትክክል ሆነ። ጥፋቱ አሻራ ሳይተው ሄደ።»

አላመንሁም። ሰውን ያላመንሁ ማሽን ላምን ነው? እሷም ይዩ አለችኝና የኔትወርኩን ገመድ ነቀለች፤ ሳጥኑን ከመብራቱ አላቅቃ መልሳ ሰካች፤ በእኛ አቆጣጠር ያለውን ሰዓት እንደ ይግዛው አድርጋ ሞላች። ፀሐይ በራሴ ላይ ቆማለች። ውስጠኛው ማሽን ግን የማለዳ ቁጥር አወጣ። ቁጥር አውቃለሁ ብያለሁ። ቆሜ አየሁት፤ ዓይኔን አሽቼ ደግሜ አየሁት።

«እንግዲያ ክንዴ ሁለተኛ የጠራው…»

«ከሰዓት በኋላ ነው እማማ። የገባው መብራቱ ከሄደ በኋላ ነው፤ ስድስቱን ስንመልስለት አሥር ሰዓት ላይ፣ በረዶው ከወረደ በኋላ። መጀመሪያ እርዳታ ጠራ። ከዚያ ነው ከጎጆው የተነሣው።»

ወደ ቤቱ አልነበረም የወረደው። ወደ ገዱ ነበር።

በሩን ተደግፌ ቆምሁ። ልጅቱ እጄን ያዘችኝ፤ ደስ ያለኝ መስሏታል፤ እውነትም ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰንበት ከሰንበት ሳልለይ ማርያምን የለመንኋት ይኸንኑ ነው፤ ሸሽቶ የሞተ አታድርጊብኝ፣ ሌላ አልጠይቅሽም ብያት ነበር። ሰጠችኝ። ዋጋውን ግን አልጠየቅሁም ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ከጠራ ጥሪው ገብቷል። ገብቷልና ተቀብሎ የሚያየው ሰው ነበረ። ጠዋት ለመንገድ ሠራተኛው የሄደችው መኪና እዚሁ ደጅ ቆማለች፤ ሳይመሽ ትደርስ ነበር። ይግዛው በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጨነቅን ቀይ አይቶ፣ የጠዋቱ ነው፣ ያለቀ ነው ብሎ አልፎታል። የማሽኑ ሰዓት መሳሳቱን እንዴት ያስተውላል፣ እጁ ላይ ሰዓት ያሰረ ሰው?

«አንዴ ብቻ ነው የጠራው?» አልኋት።

ልጅቱ ወደ መሬት አየች።

«አታባብይኝ። እኔ የምባበል ሰው አይደለሁም።»

«ደጋግሞ ነው እማማ» አለችኝ። «ከወረደም በኋላ። እስኪመሽ። ጉባኤው ከሰማያዊው ወዲያ አላነበበም።»

መቁጠሪያዬን አንሥቼ ወጣሁ። እንዴት ቤቴ እንደደረስሁ አላውቅም። እስከዚያች ቀን ልጄ ብቻውን የሞተ ነበር የሚመስለኝ፤ ማንንም ያልጠበቀ። ለካ እግሩ ተሰብሮ፣ ጅባራውን ተደግፎ፣ እኛን ሲጠብቅ ነው የሞተው። ቤቴ ገብቼ ያለቀስሁት ለቅሶ በለቅሶው ሜዳ ካለቀስሁት ይብሳል። ያ ለሰው ነበር።

የትናየት የጀመረችውን ጨረሰች። ከመናኸሪያው ሰዓት ሻጭ አዲስ ባትሪ ገዝታ ለእናቲቱ አስገባች። ውስጠኛው ሲነቃ ከእናቱ ሰዓት እንዳይቀበል ዘጋችው፤ ለሁለቱም ነጋሪያቸው አንድ እንዲሆን አደረገች። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ሰዓት ከሰማይ ከሳተላይት የምትቀበል ትንሽ አንቴና ጣራው ላይ አቆመች። ይግዛው ከዳባት ሲመለስ አስቀምጣ ነገረችው። እኔ አልነበርሁም። መሬት ላይ ተቀመጠ አሉ፤ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው አሉ።

በማግስቱ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። አባ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን ይዘው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ተከትለዋቸው ቆመዋል። ከበስተኋላቸው ይግዛው አለ፤ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል። ቀላል ድንጋይ አልመረጠም። ይኸን አይቼለታለሁ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ስለ ማርያም፣ ስለ ሚካኤል አሉ። እንዲህ ሲባል እምቢ ማለት ነውር ነው። ይግዛው ከድንጋዩ ሥር ሆኖ፣ አላወቅሁም እማማ፣ እኔን በሱ ቦታ ያድርገኝ፣ እያለ ያለቅሳል። ድምፁ ያው ያኔ ጓሮዬ ሆኖ ሲያጠና የምሰማው ድምፅ ነው። አዘንሁለት። ማዘንና ይቅር ማለት ግን አንድ አይደለም።

«ድንጋዩን አውርደው» አልሁት። «ይቅር ብያለሁ ግን አላልሁም። የገደለው ብርዱ ነው፤ አንተ ያደረግኸው ጥሪው እንዳይሰማ ነው። ሸሽቷል ብለህ ስሙን ያነበብኸውም አንተ ነህ። ለኔ ቤት ውስጥ አትጎንበስ። በአርባው ጠመንጃውን ራስህ ተሸክመህ ሜዳ ትወጣለህ፤ የጠራበትን ሰዓት ለሰው ትናገራለህ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ቀስ ብሎ፣ የገዱ ወንድሞች ይሰማሉ፣ ነገሩ ወደ ደም ይሄዳል፣ እዚሁ ቢያልቅ አይሻልም ወይ አለኝ። እንግዲያ የልጄ ስም በጓዳ ይታጠብ፣ በአደባባይ የጎደፈው? አልሁት። የገዱን ቤት ለኔ ተዉት አልኋቸው።

ይግዛው ድንጋዩን አወረደ። «እናገራለሁ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ወደ ማንጠግቦሽ ቤት የሄድሁት በአጥሩ ቀዳዳ ነው፤ በዚያ ካለፍሁ ሰንብቻለሁ። የገዱን የበቅሎ ዕቃ ጠፍሩን፣ ኮርቻውን፣ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። አቧራ የለበትም፤ ትወለውለዋለች ማለት ነው። ተቀመጪ አላለችኝም፤ እኔም አልተቀመጥሁም። የማሽኑን ነገር እኔ በገባኝ መጠን ነገርኋት፤ እናቲቱን፣ ልጁን፣ ሁለት ጊዜ የተቀነሰውን ስድስት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ሰማች። ክንዴ ጎጆውን የተወው ገዱ ሲወድቅ ሰምቶ ወደሱ ሲወርድ ነው አልኋት።

የኮርቻውን ጠርዝ በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ፣ ደረሰለት ይሆን? አለችኝ።

አላውቅም አልኋት። በላዩ ካለች ጠርዝ ላይ ነው የተገኘው፤ ሊሰማው ይችላል። ብቻውን አይደለህም ብሎት ይሆናል። ለማጽናናት ብዬ ደረሰለት አላልኋትም፤ የማላውቀውን አልናገርም።

መሬት ተቀመጠች። «ገበያ ላይ ያልሁሽ…» ብላ ጀመረች።

«ሰምቼዋለሁ። ተነሺ አሁን። ሰዓቱን ያበላሸውን ሰው ስም ከኔ አፍ ስሚው፣ በኋላ ከሌላ ከምትሰሚው። ይግዛው ነው። የባልሽን ወንድሞች የምትይዣቸው አንቺ ነሽ።»

ለአርባው ሰው መጣ። ለቅሶው ጊዜ ያልመጣ ሁሉ ወሬ ሰምቶ መጣ፤ ከዳባት፣ ከድብ ባሕር። ፍትሐቱ ደርሶ ወደ ሜዳው ስንወጣ ይግዛው ጠመንጃውን በሁለት እጁ ይዞ መሀል ገባ። በእጁ አንጓ ላይ ሰዓቱ የነበረበት ቦታ ነጥቶ ይታያል። ከዚያ ተናገረ። ክንዴ አልሸሸም አለ። አሥር ሰዓት ላይ ጠራ፤ እኔ ተቀምጬ ነበር፤ የማሽኑን ሰዓት ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ጥሪውን አይቼ የጠዋቱ ነው ብዬ የተውሁት እኔ ነኝ፤ ክንዴ ሰው ሲያጣ ብቻውን ወደ ገዱ ወረደ። ይኸንኑ ነው ያለው፤ አላሳጠረም፣ አላስረዘመም።

ከዚያ የገዱ ወንድሞች ከተቀመጡበት ተነሡ። ሽማግሌዎቹም ተነሡ። አባ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። ሁሉም ማን ቀድሞ እንደሚራመድ ይጠብቃል።

የተራመደችው ማንጠግቦሽ ናት። የገዱን ጠፍር በትከሻዋ አንግታው ነበር የመጣችው፤ ነጠላዋ ሸፍኖት አላየሁትም። ይግዛው ፊት ቆመች፤ ፊቱን አላየችውም። ጠመንጃውን ከእጁ ወሰደችና በሌላ ትከሻዋ አደረገች። የገዱን ጠፍር በአንድ በኩል፣ የክንዴን ጠመንጃ በአንድ በኩል አድርጋ መዞር ጀመረች። ወንድሞቹ ቆመው አዩዋት። እሷ አንድ ዙር ስትጨርስ ታላቁ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አልቃሿ ያኔ ቃሏን አገኘች። እኔ ተነሥቼ ከማንጠግቦሽ ኋላ ገባሁ፤ ሴቱ ሁሉ ተከተለን።

ይግዛው ኃላፊነቱን ለቀቀ፤ ማኅበሩ ግን አላባረረውም። አሁን ሥራው ያ ክፍል ነው፤ ማሽኖቹን ይጠብቃል። የእጅ ሰዓት አያስርም። ደባርቅ ላይ መብራት በሄደ ቁጥር ካለበት ተነሥቶ ወደ ቢሮው ይሮጣል፤ መብራቱ ሲመለስ ሁሉንም አይቶ፣ መዝጊያውን ዘግቶ፣ በኔ ቤት በኩል ያልፋል። መንገዱ አይደለም። አጥሩ ጋ ቆሞ ባርኔጣውን ያወልቃል።

«እማማ አገር፣ ሰዓቱ ደኅና ነው» ይለኛል።

«እሺ» እለዋለሁ።

ሌላ ቃል እስካሁን ከአፌ አልወጣለትም። ሊወጣ ሲል የሚሰማኝ ቀን አለ። ያኔ ያች ጠርዝ ትታየኛለች፤ ጅባራው፣ የመዳፍ ያህሏ ሬዲዮ፣ ቀዩን የሚጫነው ጣት። እናም እሺ ብዬ በሬን እዘጋለሁ፤ እሱም ባርኔጣውን አድርጎ ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ግን እኔም በሬን ከፍቼ እንደምጠብቀው ያውቃል።